ኤክሴል በድንገት ሲዘጋ ጥፋቱን የት እንፈልግ?

የዕቃ ክምችታቸውን፣ የዱቤ ሂሳባቸውንና የመሸጫ ዋጋ ስሌታቸውን ኤክሴል በተባለው የሂሳብ ሠንጠረዥ የሚይዙ ነጋዴዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። ፕሮግራሙ በራሱ የማይሠራውን ሥራ፣ ለምሳሌ የፈረንጆቹን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን መለወጥን ወይም ብዙ ደረሰኞችን በአንድ ጊዜ ማተምን፣ የሚያከናውኑት ማክሮ የሚባሉት የትእዛዝ ጽሑፎችና አድ-ኢን የሚባሉት ተጨማሪ ፕሮግራሞች ናቸው። ማክሮ የሚጻፍበት ቪቢኤ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ኤክሴል 5 ጀምሮ አብሮ ያለ ሲሆን ዛሬም ያገለግላል።

ችግሩ የሚመጣው እነዚህ ተጨማሪዎች ኤክሴልን ይዘውት ሲወድቁ ነው። የጨረታ ዋጋ ለማስገባት ሰዓታት ሲቀሩ ፕሮግራሙ ቢዘጋ ብዙዎች ባለሙያ ጠርተው ኤክሴልን እንደ አዲስ ያስጭናሉ፤ አለዚያም በካልኩሌተር መደመር ይጀምራሉ። ሁለቱም ጥፋቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ የሚወሰዱ እርምጃዎች በመሆናቸው ጊዜና ገንዘብ ያባክናሉ። መቅደም ያለበት ጥፋተኛውን ለይቶ ማግኘት ነው።

ስህተትና መዘጋት ይለያያሉ

ማክሮው ቁጥር ያለው የስህተት ማስታወቂያ አውጥቶ ከቆመ ኤክሴል እየሠራ ነው፤ መታየት ያለበት ትእዛዙ ነው። ለምሳሌ ‹‹ስህተት 6›› የሚያመለክተው ቁጥሩ ከተሰጠው ቦታ በላይ መሆኑን ነው። በቪቢኤ ኢንቲጀር የተባለው የቁጥር ዓይነት ከ32,767 በላይ አይዝም። 50 ዕቃና የ900 ብር ዋጋ ሁለቱም በኢንቲጀር ከተመዘገቡ፣ ብዜቱ 45,000 ስለሚሆን ማክሮው ይቆማል። መፍትሔው ዓይነቱን ከ2 ቢሊዮን በላይ ወደሚይዘው ሎንግ፣ ሳንቲም ላለበት ሂሳብ ደግሞ ከረንሲ ወደተባለው መለወጥ ነው።

ኤክሴል ራሱ ከተዘጋ ግን ፍለጋው ሌላ ነው።

በግማሽ በግማሽ ማጣራት

በመጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ ማስቀመጥና ሙከራውን ሁሉ በቅጂው ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የኮንትሮልን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ኤክሴልን መክፈት ነው። ፕሮግራሙ ሴፍ ሞድ በተባለው አሠራር ይከፈት እንደሆነ ሲጠይቅ ‹‹አዎ›› ይባላል። በዚህ አሠራር አድ-ኢኖች አይጫኑም። ፋይሉ ያለችግር ከሠራ ጥርጣሬው በአድ-ኢኖቹ ላይ ያርፋል። እንዲህም ሆኖ ከተዘጋ ፋይሉን፣ በውስጡ ያለውን ማክሮ ወይም የኤክሴልን ጭነት መመርመር ይገባል።

አድ-ኢኖቹ የሚገኙት ‹‹ፋይል››፣ ከዚያ ‹‹ኦፕሽንስ››፣ ከዚያ ‹‹አድ-ኢንስ›› በሚለው ሥር ነው። የኤክሴልና የኮም አድ-ኢኖች በተለያየ ዝርዝር ስለሚቀመጡ ሁለቱም መታየት አለባቸው። ስምንት ቢሆኑ አራቱን አጥፍቶ ኤክሴልን ዘግቶ መክፈት፣ ችግሩ ካለበት ወገን ደግሞ ሁለቱን፣ ከዚያም አንዱን መለየት ይቻላል። ጥፋተኛው አንድ ከሆነ በሦስት ሙከራ ይገኛል።

ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች

የመጀመሪያው የቢት ልዩነት ነው። ኦፊስ በ64 ቢት መውጣት የጀመረው በ2010 እትሙ ነው። ለ32 ቢት የተሠራ ኮም አድ-ኢን በ64 ቢት ኤክሴል ላይ አይጫንም። የዊንዶውስን ተግባራት የሚጠሩ የቆዩ ማክሮዎችም ፒቲአር-ሴፍ የሚለው ቃል ካልተጨመረባቸው አይነሱም። ቃሉ ተጨምሮ የማህደረ ትውስታ አድራሻ የሚይዙት ቁጥሮች ሎንግ-ፒቲአር ወደተባለው ዓይነት ካልተለወጡ ደግሞ ማክሮው ተነስቶ ኤክሴልን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ኮምፒዩተር የሚቀይር ድርጅት የትኛው ቢት እንደተጫነ ማክሮውን ለጻፈው ሰው ማሳወቅ አለበት።

ሁለተኛው ራሱን የሚጠራ ማክሮ ነው። ሴል ሲለወጥ እንዲነሳ የታዘዘ ማክሮ እሱም በተራው ሴል ከለወጠ እንደገና ይነሳል፤ እንዲህ እየተደራረበ ፕሮግራሙን እስከ መዝጋት ይደርሳል። ማክሮው ሥራውን ሲጀምር የኤክሴልን የክስተት ጥሪ እንዲያጠፋ፣ ሲጨርስም ሆነ በስህተት ሲቆም መልሶ እንዲያበራው ማድረግ ይበቃል።

ዝም ያለው ይከፋል

ማክሮው እንዳይቆም ሲባል ‹‹ስህተት ቢያጋጥም ዝም ብለህ እለፍ›› የሚል ትእዛዝ የሚያስገቡ አሉ። ይህ ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አያስወግደውም። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ የሕብረተሰብ ጤና ተቋም 65,536 ረድፍ ብቻ የሚይዘውን የድሮ የኤክሴል ፋይል ይጠቀም ስለነበር፣ ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 በፈረንጆቹ አቆጣጠር 15,841 የኮሮና ሕሙማን በየዕለቱ ሪፖርት ሳይካተቱ ቀርተዋል። ትርፉ መረጃ ሲቀር ማንንም አላስጠነቀቀም።

የሚዘጋ ፕሮግራም ቢያንስ ችግር መኖሩን ይናገራል። በዝምታ የጎደለ ረድፍ ግን የሚታወቀው መጋዘኑ ሲቆጠር ወይም ደንበኛ ሲከራከር ነው። በመሆኑም ማክሮው ሥራውን በጨረሰ ቁጥር የረድፉን ብዛትና ጠቅላላ ድምሩን ከመነሻው መዝገብ ጋር ማስተያየት፣ ዋጋ ከመሰጠቱ በፊት የሚደረግ የዘወትር ሥራ ሊሆን ይገባል።