አምባሳደር ሆነህ ስትሄድ

ልጄ፣ ሹመትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከመሄድህ በፊት እነዚህን ምክሮች ስማኝ።

1. የሹመት ደብዳቤህን የምታቀርብበትን ሥርዓት የፕሮቶኮል ሰዎች ያስጠኑሃል፤ ብዙ አትጨነቅበት።

2. እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣውን የዲፕሎማሲ ግንኙነት የቪየና ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 ደጋግመህ አንብብ። እዚያ ከተዘረዘሩት ተግባሮች ለእኔ ሁለቱ ይበልጡብኛል፦ የዜጎችን ጥቅም መጠበቅ፣ ያለህበትንም አገር ሁኔታ በሕጋዊ መንገድ አጣርተህ ለመንግሥትህ ማሳወቅ። ግብዣውም፣ ሰንደቅ ዓላማ የሚውለበለብበት መኪናም ለእነዚህ ማገልገያ ነው።

3. ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ከተመደብህ ጠዋት ቢሮህ ከመግባትህ በፊት በቆንስላው በር እለፍ። ደመወዟን የተከለከለች፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት፣ በነጠላ ጫማ ከቤት ያመለጠች ልጅ እዚያ ቆማ ታገኛለህ። የከፋላ ሥርዓት በሚሠራበት አገር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከዚያ ቤት ስትወጣ ሕገ ወጥ ልትባል ትችላለች። ስለዚህ «ነገ ተመለሺ» የሚላት ሠራተኛ አይኑርህ፤ የምታድርበት የላትም። ሌሴ ፓሴ (በፓስፖርት ምትክ የሚሰጥ የጉዞ ሰነድ) ሰጥቶ ማሳፈርም ብቻውን አይበቃም፤ ላቧን ያፈሰሰችበት ገንዘብ ይጠየቅላት። ዜጋ ሲታሰር ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቆንስላ ኮንቬንሽን አንቀጽ 36 ቆንስሎችህ እስረኛውን እንዲጎበኙ መብት ይሰጣቸዋል። እነሱን ልከህ ብቻ አትቅር፤ አንዳንዴ ራስህ ሂድ። የአገሩ አምባሳደር የሚጠይቀው እስረኛ ያለ ጠያቂ እንደቀረው አይቆጠርም።

4. አለቆችህ መስማት የሚወዱትን አትጻፍ። ብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ታዕዛዝ በጄኔቫ ለአገራቸው የተሟገቱ ሰው ነበሩ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ግን በወሬ አልረኩም። በሱዳን በኩል በድብቅ አገር ቤት ገብተው የአርበኞቹን ሁኔታ በዓይናቸው አዩ። አንተም ከዋና ከተማው ውጣ፤ ወደቡን፣ ገበያውን፣ የእኛ ሰዎች የሚሠሩበትን ፋብሪካ እይ። መጥፎ ወሬ ካለ ከጋዜጣው ቀድመህ ላክ። መንግሥትህ ቅር ቢለውም ላክ፤ ባለማወቅ የሚወሰን ውሳኔ የሚጎዳው ድሃውን ነው።

5. በተቀባዩ አገር የውስጥ ፖለቲካ አትግባ፤ የ1961ዱ ኮንቬንሽን አንቀጽ 41 ይከለክልሃል። ከተባረርህ ያቺ በር ላይ ያለችው ልጅ ማን አላት?

6. ልጆችህን በቤት ውስጥ አማርኛ አናግራቸው። በየጥቂት ዓመቱ ትምህርት ቤት መቀየር ለእነሱ ከባድ ነው፤ ባለቤትህም ለአንተ ሥራ ስትል የራሷን ሥራ ትታ ይሆናል። ይህን አትርሳባት።

7. ዘመንህ ሲያልቅ ያልተቋጩትን የዜጎች ጉዳዮች ስም በስም ጽፈህ ለተተኪህ በእጁ አስረክብ። የታሰሩትን ከሁሉ በላይ ጻፋቸው።