የጤና ትምህርት፦ ማረስ ቢቀር መንቀሳቀስ አይቅር

«ለገበሬ ስፖርት ምን ያደርግለታል? ስፖርት ለተማሪና ለወታደር ነው!» ይህን አነጋገር ጎሮ ውስጥ ከብዙ አባቶች አፍ ሰምተናል። ድሮ እውነት ነበረው። ዕርፍ ጨብጦ ሲያርስ የዋለ አባት፣ እንስራ አዝላ ከወንዝ የምትመለስ እናት፣ ሌላ ስፖርት ምን ያሻቸዋል?

አሁን ግን ጎሮን እንመልከት። ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ቤትና አስፋልት ሆኗል። በሬው ተሸጧል፤ ውሃው በቧንቧ ይመጣል፤ ገበያም በታክሲ ነው የሚኬደው። እሰየው፤ ወደ እንስራ እንመለስ የሚል የለም። ግን ምግቡ ያው ሆኖ ሥራው ቀረ። «የሀብታም በሽታ» ሲባሉ የኖሩት ስኳርና ደም ብዛት የገበሬውንም ደጅ የሚያንኳኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንዴት ቢባል፣ ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር እየወሰደ ያቃጥላል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ከዋለ ግን ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። ልብም ጡንቻ ናት፤ ስናሠራት ትጠነክራለች፣ በአንድ ምት ብዙ ደም ትረጫለች። አጥንትም ቢሆን ሲሠራ ይጠነክራል፣ ሲቀመጥ ይሳሳል። ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ወድቆ ዳሌው የሚሰበረው አጥንቱ ስለሳሳ ብቻ አይደለም፤ እግሩ ደክሞ ሚዛኑን መጠበቅ ስላቃተውም ጭምር ነው።

«አሁንማ አርጅተናል» ትላላችሁ። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ ሦስተኛ ሲወጣ 40 ሞልቶት ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ሩጡ አላልንም! ግን በ80 ዓመትም ቢሆን ያሠሩት ጡንቻ ይጠነክራል።

ታዲያ ስንት ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል። ይህም በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ፈጠን ማለት እየሄዱ መነጋገር ይቻላል፣ መዝፈን ግን ያቅታል። ለልጆች በቀን 60 ደቂቃ ነው፤ እነሱስ ኳሱን ካልቀማናቸው ራሳቸው ይሞሉታል። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ደግሞ በሳምንት 3 ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ ነገር ይጨምሩ። ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ጥሩ ነው።

እናቶች «ሰው ምን ይለኛል» ይላሉ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሕዝቡ አስፋልት ላይ ስፖርት ሠራ፤ ያኔ ማን ማንን ታዘበ? ብቻ መውጣት ካሳፈረ ሁለት ሦስት የዕድር ጓደኛ ሆኖ መውጣት ነው።

ሲራመድ ደረቱን የሚወጋው ሰው ግን ወዲያው ያቁም፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። የስኳር መርፌ የሚወጋም ባዶ ሆዱን አይውጣ፤ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይያዝ።