ግጥም የሌለውን ሙዚቃ ስለ ማድመጥና ስለ መፈለግ

«ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» የሚለው ጥያቄ በመኝታ ክፍሎቻችንም ሆነ በማኅበሩ ምሽቶች፣ ከማዝ ሮክና ከፖስት ሮክ ሥራዎች አንዱ በተከፈተ ቁጥር የሚነሣ ነው። መልሱ «አይገባም» ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ከየት እንደመጣ ቢመረመር ስለ ራሳችን የማድመጥ ልማድ ብዙ ይነግረናልና።

ያደግንበት የሙዚቃ ባህል ከቃል ጋር የተቆራኘ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን የሚገዘግዘው ግጥሙን ለማድረስ ነው፤ አድማጩም «እሰይ!» የሚለው ወርቁ ሲገባው ነው። መሣሪያ ብቻውን ሲሰማ እንኳ ቃሉ አይጠፋም። ትዝታ በዋሽንት ብቻ ቢነፋልን የጎደለውን ግጥም እያንዳንዳችን በልባችን እንሞላዋለን። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ባመጣው ጊዜም ከመሣሪያው በስተጀርባ የሚሰማን የፎካሪው ጉሮሮ ነው። እንግዲህ በቺካጎ ወይም በቶኪዮ የተቀዳ፣ ከጀርባው የምናውቀው አንድም ስንኝ የሌለ ሙዚቃ ሲቀርብልን የምንይዘውን ብናጣ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚህም በመነሣት በመካከላችን ሁለት አዝማሚያዎች ይታያሉ። አንደኛው «ይህ የፈረንጅ ሥራ ፈትነት ነው» ብሎ ፊት ማዞር ነው። ሁለተኛውና በእኛ አመለካከት ይበልጥ ጎጂው፣ ሙዚቃውን የጥናት ማጀቢያ አድርጎ መውሰድ ነው። ቃል ስለሌለው አያውክም ተብሎ ከማታ እስከ ንጋት ይከፈታል፤ አንድም ጊዜ ግን አይደመጥም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም አዝማሚያዎች በመቃወም የቀረበ ነው። በመጀመሪያ እንዴት እንደሚደመጥ፣ ቀጥሎም አዲስ ሥራ እንዴት እንደሚፈለግ እንመለከታለን። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ስሞቹ ባጭሩ እንናገርና እንለፍ። «ፖስት ሮክ»፣ ማለትም ድኅረ ሮክ፣ የሚለውን ስያሜ በ1994 ያስፋፋው እንግሊዛዊው ሐያሲ ሳይመን ሬይኖልድስ ነው። ሐሳቡም የሮክን መሣሪያዎች ሮክ ላልሆነ ዓላማ ማዋል፣ ጊታሩን ከዜማ ተሸካሚነት ይልቅ የድምፅ ቀለም መፍጠሪያ ማድረግ የሚል ነበር። የእንግሊዞቹ ቶክ ቶክ በ1988 ያወጡት «ስፒሪት ኦፍ ኢደን»፣ የኬንተኪዎቹ ስሊንት በ1991 ያወጡት «ስፓይደርላንድ» እንደ መነሻ ይቆጠራሉ፤ በሁለቱም ውስጥ ግን የሰው ድምፅ ገና አልጠፋም። «ማዝ ሮክ» የሒሳብ ሮክ ማለት ሲሆን ስሙን ያገኘው ከአቆጣጠሩ ነው። ብዙዎቹ ሙዚቀኞች ሁለቱንም ስሞች አይወዷቸውም። እኛም የምንጠቀምባቸው ለመፈለጊያ ያህል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት እንግባ። አብዛኛው ሮክ በአራት ይቆጠራል፤ እግር ሳያስበው ይመታዋል። የእኛ ችክችካ በስድስት ይቆጠራል፤ ሦስት ሦስት ሆኖ ለሁለት ስለሚከፈል ትከሻ ወዲያው ይቀበለዋል። የማዝ ሮክ ተጫዋቾች የሚወዷቸው ግን አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድና እነዚህን የመሳሰሉ፣ ለሁለት እኩል የማይከፈሉ ቁጥሮች ናቸው። ሰባትን እንውሰድ። «አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ አንድ ሁለት ሦስት» እያልን በሁለቱ «አንድ» ላይ ብቻ እናጨብጭብ። ሁለተኛው ክፍል አንድ ምት ስለሚያጥረው ሰውነታችን ደረጃ እንደሳተ ሰው ይንገዳገዳል። ሳናቋርጥ ለሦስት ደቂቃ ያህል ብንቀጥል ግን መንገዳገዱ ራሱ ውዝዋዜ ይሆናል። ይህን በንባብ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ እጅ ማንሣት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ለሁለት እንከፈል። አንዱ ወገን በሰባት፣ ሌላው በአራት ይቁጠር፤ ፍጥነቱ አንድ ይሁን። የሁለቱ ወገኖች «አንድ» አብሮ ከተነሣ በኋላ እንደገና የሚገጥመው 28 ምት ሲያልፍ፣ ማለትም ባለሰባቱ አራት ጊዜ፣ ባለአራቱ ደግሞ ሰባት ጊዜ ዞሮ ሲመለስ ነው። እስከዚያው ድረስ አንዱ ሌላውን ያሳደደው፣ የተቃረነውና ያመለጠው ይመስላል። የሙዚቃው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ቅኔ ሰሚ ሰሙን ይዞ ወርቁን እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ የዚህ ሙዚቃ አድማጭም የሁለቱን ዑደት ይዞ መገጣጠሚያውን ይጠብቃል። ቃል ይሠራው የነበረውን ሥራ ቁጥሩ ተረክቦታል ማለት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የፒትስበርጉ ዶን ካባዬሮ ነው። ከበሮ መቺው ዴመን ቼ ከኋላ ተቀምጦ የሚያጅብ አይደለም፤ ጊታሮቹ ቆመው እሱ የሚናገር እስኪመስል ድረስ ከፊት ይገኛል። በ2000 በወጣው «አሜሪካን ዶን» በተባለው አልበም ጊታር ተጫዋቹ ኢያን ዊልያምስ አጫጭር ሐረጎችን ወዲያው ቀድቶ በሚደጋግም የእግር መሣሪያ ተጠቅሞ በራሱ ላይ ራሱን ደራርቧል። ይህንኑ ዘዴ በኋላ ባትልስ በተባለው ቡድን አስፋፍቶታል። ይሁን እንጂ ለጀማሪ ዶን ካባዬሮን አንመክርም፤ ራስ ያዞራል። የቶኪዮው «ቶ» (በእንግሊዝኛ የእግር ጣት ማለት ነው) ይሻላል። በ2005 ባወጡት የመጀመሪያ ረጅም አልበማቸው ቁጥሩ ያው አስቸጋሪ ነው፤ ጊታሮቹ ግን ለስላሳ በመሆናቸው አድማጩ ሳያውቀው በሰባት ሲወዛወዝ ይገኛል።

ፖስት ሮክ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። እዚህ የሚቆጠረው ምት ሳይሆን ደቂቃ ነው። የቺካጎው ቶርተስ በ1996 ባወጣው አልበም የመጀመሪያው ሥራ ብቻ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የግላስጎው ሞግዋይ በሹክሹክታ የጀመረውን ሳይታሰብ ጆሮ በሚያደነቁር ድምፅ ይገለብጠዋል። የምንመክረው ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ወረቀት ይዘጋጅ፤ በአግድም ደቂቃው፣ በቁም የድምፁ ጉልበት ይሠመር፤ አዲስ መሣሪያ በገባ ቁጥር ምልክት ይደረግ። አንድ ሥራ አልቆ ወረቀቱ ሲታይ «ምንም አልተካሄደም» ያለው ጓደኛችን ራሱ ተራራና ሸለቆ ሥሎ ይገኛል።

ቃል የሌለው ሙዚቃ አቋም ሊይዝ አይችልም የሚሉም አሉ። የሞንትሪያሉ ጎድስፒድ ዩ! ብላክ ኤምፐረር በ2024 ያወጣው አልበም ለዚህ በቂ መልስ ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እስከ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024 ርዕስ የለም፤ 28,340 ሙታን» የሚል ነው። ቁጥሩ እስከዚያ ቀን ድረስ በጋዛ ተገደሉ የተባሉትን ሰዎች ብዛት የሚያመለክት ነው። በአልበሙ ውስጥ የሚዘፍን ሰው የለም። ነገር ግን ርዕሱን አንብቦ የተቀመጠ አድማጭ ያንን የጊታር ጩኸት እንደ ማጀቢያ ሊሰማው አይችልም። እኛ ባለንበት በዚህ አካባቢ ደግሞ ቁጥሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ወደ ፍለጋው እንለፍ። ብዙዎቻችን የምናደምጠውን የሚመርጥልን መሣሪያው ነው፤ «ለጥናት» ወይም «ለእርጋታ» የሚል ዝርዝር ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚጫወት የሚጠይቅ የለም። ይህ ያለ ዋጋ የሚገኝ ምቾት አይደለም። ጋዜጠኛዋ ሊዝ ፔሊ በ2025 ባሳተመችው «ሙድ ማሽን» በተባለው መጽሐፍ እንደዘገበችው፣ በስፖቲፋይ የእንዲህ ዓይነት ዝርዝሮች ውስጥ በርካሽ ውል የተሠሩና በሌሉ ሙዚቀኞች ስም የቀረቡ ሥራዎች ይሰገሰጋሉ። ይህ በቀላሉ የሚደረገው ቃል በሌለው ሙዚቃ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ማንም ስለማያዳምጠው ማንም አያውቀውም። በተጨማሪም ከ2024 ጀምሮ በዓመት ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ሥራ በዚያ ድርጅት ዘንድ ክፍያ አያገኝም። አራት ሆነው በአንድ ምድር ቤት የሚለማመዱ ልጆች የመጀመሪያ ሥራቸውን ሲያወጡ በአብዛኛው ከዚህ ቁጥር በታች መሆናቸውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ስለሆነም ክሩን ራሳችን እንያዘው። አንድ የወደድነውን አልበም አንሥተን ማን ተጫወተው፣ ማን ቀዳው፣ ማን አሳተመው ብለን እንጠይቅ። ምሳሌ እንስጥ። «አሜሪካን ዶን»ን የቀዳው በቺካጎ ኤሌክትሪካል ኦዲዮ የተባለውን ስቱዲዮ ያቋቋመው ስቲቭ አልቢኒ ነው። ይህ ሰው ከሚቀዳቸው አልበሞች ሽያጭ ድርሻ አልቀበልም፣ እንደ ማንኛውም ባለሙያ የሥራዬን ዋጋ ብቻ ይክፈሉኝ በማለት የታወቀ ነበር። የእሱን ስም ብንከተል የጃፓኑን ሞኖ እናገኛለን፤ አልቢኒ በግንቦት 2024 ካረፈ ከአንድ ወር በኋላ የወጣው «ኦዝ» የተባለው አልበማቸው የተቀዳው በእሱ ነው። አሁንም ብንቀጥል በ1998 የቀዳውን የሆላንዶቹን «ዘ ኤክስ» እናገኛለን። እነዚህ ዘፈን ያላቸው የፓንክ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን በ2002 ወደ አገራችን ተጉዘው ተጫውተዋል፣ በ2006 ደግሞ «ሞአ አንበሳ»ን ያወጡት ከማን ጋር ነው ቢባል ከጌታቸው መኩሪያ ጋር ነው። ከፒትስበርግ ተነሥተን በሦስት እርምጃ ሽለላው ዘንድ ደረስን። የትኛውም የመሣሪያ ዝርዝር በዚህ መንገድ አያመላልሰንም።

አሳታሚዎችም እንዲሁ መንገድ ያሳያሉ። ሞኖንና የቴክሳሶቹን ኤክስፕሎዥንስ ኢን ዘ ስካይ የሚያሳትመው ቴምፖራሪ ሬዚደንስ፣ የጎድስፒድ ቤት የሆነው ኮንስተሌሽን የሚያወጡትን አዲስ ሥራ ሁሉ መቅመስ አያከስርም። ከ2013 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል አጠገብ የሚካሄደው የአርክታንጀንት ፌስቲቫል ማስታወቂያም ሌላ መሣሪያ ነው፤ መሄድ ባንችል ወረቀቱን ማንበብ እንችላለን። በትልልቅ ፊደል የተጻፉትን ትተን ከታች የተደረደሩትን ጥቃቅን ስሞች አንድ በአንድ እንፈልግ። አንጋፋዎቹም አልሞቱም፤ ቶ በ2024 «ናው አይ ሲ ዘ ላይት»ን፣ ሞግዋይ በ2025 «ዘ ባድ ፋየር»ን፣ ቶርተስም ከዘጠኝ ዓመት ዝምታ በኋላ በዚያው በ2025 «ተች»ን አውጥተዋል።

የተማሪ ኪስ የታወቀ ስለሆነ ስለ ገንዘብም እንነጋገር። በ2008 የተመሠረተው ባንድካምፕ ከመግዛት በፊት ለማድመጥ ያስችላል፤ ከሚሸጠው ዲጂታል ሥራ የሚወስደውም 15 በመቶ ያህል ሲሆን የቀረው ከጥቂት የባንክ ወጪ በስተቀር ለባለሥራው ነው። ከ2020 ወዲህ ደግሞ በተወሰኑ ዓርቦች የራሱን ድርሻ ይተዋል። አምስት ሰው ቢያዋጣ በወር አንድ አልበም መግዛት አያቅተውም። የዓለም አቀፍ ክፍያ ካርድ ያለው አንዱ ይክፈል፣ ሌሎቹ በእጁ ይስጡት።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ቡድን ከ2024 ወዲህ ከወጡት አንድ ሥራ ይዞ ይምጣ። ሥራው በማንም ዝርዝር ሳይሆን በክር ተከትሎ የተገኘ መሆን አለበት። ክሩ በወረቀት ላይ ይሣል፤ ከየት ተነሥቶ በማን በኩል እንደመጣ ይታይ። ከሥራው ውስጥ አንድ ደቂቃ ተመርጦ በስንት እንደሚቆጠር ይወሰን። ባንስማማ እናጨበጭባለን።