ስለ ሕፃናት አሳዳሪና ስለ ኑዛዜ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በሜሪላንድ ነው። ልጆቻችን ገና ሕፃናት ናቸው፤ ዘመዶቻችን ሁሉ ያሉት አዲስ አበባ ነው። ሀብታችን ጥቂት ሆኖ ሳለ ኑዛዜ ምን ይረባናል?

መልስ፦ የተከበሩ እመቤት፥ ኑዛዜ ለባለጸጋ ብቻ የተሠራ ሥርዓት መስሎ የሚታየው፥ አበው በነፍስ አባታቸው ፊት ርስታቸውን ሲያወርሱ ስላየን ይሆናል፤ በእናንተ ዘንድ ግን ከገንዘቡ የሚቀድመው የሕፃናቱ ነገር ነው። እግዚአብሔር አያድርገውና ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ብታልፉ፥ ፈቃዳችሁን የሚገልጽ ኑዛዜ ከሌለ አሳዳሪያቸውን የሚሾመው ዳኛ ነው፤ ያን ጊዜም አያታቸው ከባሕር ማዶ እስኪደርሱ ድረስ እጓለ ማውታዎቹ በማያውቋቸው ሰዎች እጅ ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ አሳዳሪውንና ተተኪውን፥ በቅርብ ኖሮ ለጊዜው የሚረከባቸውንም ወዳጅ፥ አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስም ጻፉ።

በሜሪላንድ ኑዛዜው በጽሑፍ ሆኖ ተናዛዡና 2 ምስክሮች ይፈርሙበታል። አዲስ አበባ ቤት ካላችሁ ግን፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው 4 ምስክሮች ይሻል፤ ባልና ሚስት በአንድ ሰነድ የሚናዘዙትንም ፈራሽ ያደርገዋልና ለየራሳችሁ ጻፉ። የአንዱ ሀገር ኑዛዜ የሌላውን እንዳይሽር፥ ከመፈረማችሁ በፊት በሁለቱም ሀገር ጠበቃ አማክሩ።