እስስት ቀለሟን የምትቀያይረው ለምንድን ነው?

 

የዛሬው ማስተንተኛችን በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ ቀስ እያለች ስትራመድ የምናያት እስስት ናት። ጠዋት የተናገረውን ማታ የሚገለብጥ ሰው ሲያጋጥመን «እሱ እኮ እስስት ነው» እንላለን። ከሄደበት ጋር የሚመሳሰል፣ የልቡ የማይታወቅ ሰው ነው ማለታችን ነው። ከዚህ አባባል ጀርባ አንድ የተለመደ ግምት አለ፦ እስስት የቆመችበትን ነገር ቀለም ትይዛለች የሚል። ቅጠል ላይ አረንጓዴ፣ አፈር ላይ ቡናማ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ ደግሞ ቀይ ትሆናለች ይባላል።

ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ቀይ ጨርቅ ላይ ብትቀመጥ ቀይ አትሆንም። «እኔ ራሴ ይዤ አስቀምጫት ስትለወጥ አይቻለሁ» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ተለውጣ ይሆናል። የለወጣት ግን ጨርቁ ሳይሆን ድንጋጤው ነው። የሰው እጅ ሲይዛት ትፈራለች፣ ፍርሃቷም ቆዳዋ ላይ ይወጣል።

ለመሆኑ ቀለሙ ከየት ይመጣል? በ2015 በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የሚሼል ሚሊንኮቪች የምርምር ቡድን የማዳጋስካርን ባለደማቅ ቀለም እስስት ቆዳ መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። በቆዳዋ ውስጥ ጓኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክሪስታሎችን የያዙ ሴሎች አሉ። ክሪስታሎቹ በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። ብርሃን ሲያርፍባቸው የትኛው ቀለም ተመልሶ ወደ ዓይናችን እንደሚመጣ የሚወስነው በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። የሳሙና አረፋን አስቡ፦ ምንም ቀለም ሳይጨመርበት ሰማያዊና ሐምራዊ ያብለጨልጫል። የእስስትም ነገር ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

እስስቷ ስትረጋጋ ክሪስታሎቹ ይቀራረባሉ፤ ያኔ ሰማያዊ ብርሃን ይንጸባረቃል። ከላይ ያለው የቆዳ ክፍል ቢጫ ቀለም ስላለው ሁለቱ ተደምረው አረንጓዴ ሆነው ይታዩናል። ስትቆጣ ወይም ስትነቃቃ ደግሞ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፤ አረንጓዴው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ ጥቁር ቀለም የያዙ ሴሎች አሉ፤ ጥቁሩ በቆዳው ውስጥ ሲሰራጭ መላ ሰውነቷ ይጠቁራል። ሱብሐነላህ! ከሰው መዳፍ ብዙም በማትበልጥ ፍጥረት ውስጥ ይህ ሁሉ ሥርዓት አለ።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? አንደኛውና ትልቁ ምክንያት መነጋገር ነው። እስስት እንደ ወፍ አትዘምርም፤ የምትናገረው በቆዳዋ ነው። በ2013 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመንና ሳዑዲ ዐረቢያ የሚገኘውን የእስስት ዓይነት ሲያጣላ ተመለከቱ። ሁለት ወንዶች ሲፋጠጡ የጎናቸው መስመር ይበልጥ የሚደምቀው ወደ ጠብ ለመቅረብ ይበልጥ የተዘጋጀው ነው። የራሱ ቀለም በፍጥነትና በድምቀት የሚለወጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አሸናፊው ነው። የተሸነፈው ይጠቁራል። ጥቁረቱ «በቃኝ፣ እጄን ሰጥቻለሁ» እንደማለት ስለሆነ ያሸነፈው ማጥቃቱን ይቀንሳል። እንቁላል የያዘች ሴትም ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሰማያዊና ቢጫ ነጠብጣቦችን ታወጣለች፤ ወንዱ «አትቅረበኝ» የሚለውን መልእክት ያነብባል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በደቡባዊ አፍሪካ በናሚብ በረሃ የምትኖረው እስስት በማለዳ ቅዝቃዜ ትጠቁራለች፤ ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባልና። ቀኑ ሲግል ደግሞ ፀሐይን ለመመለስ ወደ ፈዛዛ ግራጫ ትለወጣለች። አሸዋው ግን ጠዋትም ቀትርም ያው አሸዋ ነው። ዐረቦች ሒርባእ የሚሏትም ይህችኑ ፍጥረት ነው፤ ፊቷን ወደ ፀሐይ እያዞረች የምትውል መሆኗን ከጥንት ጀምሮ አስተውለዋል።

ሦስተኛው መደበቅ ነው። መደበቅ የለም ማለት አይደለም። አብዛኞቹ በተረጋጉበት ሰዓት የሚይዙት አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለም ከቅጠልና ከቅርንጫፍ ይመሳሰላል። በደቡብ አፍሪካ አንዲት ድንክ የእስስት ዓይነት ወፍ ስትመጣባትና እባብ ሲመጣባት የምትይዘው ቀለም እንደሚለያይ ተመዝግቧል። የትኛዋም እስስት ግን የፈለገችውን ቀለም ሁሉ መያዝ አትችልም፤ እያንዳንዷ የተሰጣት ወሰን አላት።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንግዲህ ወደ ስድባችን እንመለስ። እስስት ስትቆጣ ቁጣዋ፣ ስትፈራ ፍርሃቷ፣ ሲበርዳት ብርዷ፣ ስትሸነፍ ሽንፈቷ ውጭዋ ላይ ይነበባል። ኒፋቅ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውስጡ እየነደደ በፈገግታ መሸፈን፣ በልብ የሌለውን በምላስ ማሳመር ነው። ታዲያ ሁለት ፊት ያለውን ሰው «እስስት» ስንል ውስጧን በማትደብቅ ፍጥረት ላይ የሌለባትን ነውር እየለጠፍን ነው።

ይህ ለአንዲት እስስት ብቻ የሚቆረቆር ነገር አይደለም። ስለ እሷ ያወራነውን የሰማነው ከሰው ነው፤ ያጣራነው ጥቂቶች ነን። ስለ ሰውስ? ስለ ክፍል ጓደኛችን፣ ስለ ጎረቤታችን፣ በስልካችን ስለተላለፈልን የማናውቀው ሰው የምንደግመው ወሬ ስንቱ ተጣርቶ ነው? አንድ ጓደኛችን ፊቱ ሲለዋወጥ «ተቀያየረ» ብለን ከመራቅ በፊት «ምን ሆነህ ነው?» ብለን እንጠይቀው። ምናልባት እየበረደው ይሆናል።

ከተሸናፊውም እንማር። በክርክር መሐል «አንተ ትክክል ነህ» ማለት ጠቡን ያበርዳል። እስስት ይህንን ለማለት ደቂቃዎች ይበቋታል፤ እኛ ስንት ወር እንኮራረፋለን?

በመንገዳችሁ ካገኛችኋት አትያዟት። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ተመልከቷት።

አላህ ውስጣችንንም ውጫችንንም ያሳምርልን። አሚን።