በባቢሎን ትምህርት ቤት የተቀመጠ ኅሊና

የጥናት ትምህርት፤ ዳንኤል ምዕራፍ 1 ከቍጥር 1 እስከ 21

በዚህ ትምህርት ብዙ ጊዜ በቍጣ እንጂ በማስተዋል ስለማይነገር አንድ ነገር ልንነጋገር ወደናል። ይኸውም የሃይማኖት ማኅበር የሙያ ትምህርት ቤት ባቆመ ጊዜ የእምነቱን ሥርዓት በተማሪዎቹ ሁሉ ላይ ሊያኖር ይገባዋልን? ዕውቅና የሚሰጠው ሹምስ ሲፈቅድ ወይም ሲከለክል ምን ሊመለከት ይገባዋል? የሚል ነው። በዚህ ጽሕፈት ያሉትን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

ጥያቄው ወደ እኛ የመጣው በካርቱም ሳለን ነው። በዚያ አገር የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለ ሆነ፥ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችንን ዓርብ ዓርብ እናደርግ ነበር። በ2018 በሰኔ ወር መጨረሻ፥ ደይም በሚባለው የአገራችን ሰዎች በሚበዙበት ሰፈር፥ በአንዲት ጠባብ ቤት ተሰብስበን ሳለ፥ የነርስነት ትምህርት የምትማር አንዲት እኅት እጅዋን አነሣች። ወንድሟ በካናዳ ሆኖ ሕግ ለመማር ያስብ ነበርና ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። «ቄስ፥ በካናዳ ትልቁ ፍርድ ቤት በክርስቲያኖች ትምህርት ቤት ላይ ፈረደ ይላል። እኛ እዚህ የምንለምነውን ፍትሕ እዚያ ተነፈግን ማለት ነውን? ወይስ እዚያ ሌሎች የሚለምኑትን የነፈግናቸው እኛ ነን?» ብላ ጠየቀች።

በዚያች ማታ የሚበቃ መልስ አልሰጠናትም። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በካርቱም በተነሣው ጦርነት ያ ማኅበር ተበተነ። ጥያቄው ግን በልባችን ቀረ፤ ይህም ትምህርት የዘገየው መልሳችን ነው።

1. ዳንኤል ያደረገውና ያላደረገው

ዳንኤልና ጓደኞቹ ወደ ንጉሥ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ተመረጡ። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነበረ፤ ፍጻሜውም በንጉሥ ፊት ለመቆምና ለማገልገል ነው። በዛሬው አነጋገር የሙያ ትምህርት ቤት ነበረ ማለት ነው። ዳንኤል የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ መማርን እምቢ አላለም። አዲስ ስም ቢያወጡለትም ትምህርት ቤቱን ጥሎ አልሄደም። የንጉሡን መብል በመብላት ግን እንዳይረክስ በልቡ ቈረጠ።

እንዴት እንዳደረገው ልብ እንበል። በመጀመሪያ አለቃውን በትሕትና ለመነ። ቀጥሎም የዐሥር ቀን ፈተና እንዲሆንለት ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ እንደሚታየው ይፈረድ አለ። በሦስተኛውም ሌሎቹ ብላቴኖች መብላቸውን እንዲያጡ አልጠየቀም። የራሱን ኅሊና ጠበቀ እንጂ በሌላው ገበታ ላይ አላዘዘም።

የጃንደረቦቹን አለቃ ፍርሃትም አንናቅ። እርሱ ስለ ተማሪዎቹ ሁሉ በንጉሥ ፊት ይጠየቃል። ዕውቅና የሚሰጥ ሹምም እንደዚሁ አደራ አለበት። አደራውን እያሰበ የሚጠይቀን ሁሉ ጠላታችን ነው ማለት አይገባም።

2. የፈቃድ ወረቀት ኀይል

በካርቱም የነበሩ ክርስቲያኖች የፈቃድ ወረቀት ምን ያህል ኀይል እንዳለው ከሌላው ይልቅ ያውቃሉ። በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ፥ በ1924 የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈቱ፤ ሁለቱም በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆኑ። በ1929 የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የኮምቦኒን ኮሌጅ አቆሙ፤ በዚያም የክርስቲያንና የእስላም ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ተማሩ።

አገሪቱ በ1956 ነጻ ከወጣች በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1957 መንግሥት በደቡብ የነበሩትን የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ወሰደ። በ1962 በወጣው የሚሲዮን ማኅበራት ሕግ፥ ማናቸውም ሚሲዮን ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ፈቃድ ካላገኘ ሥራውን እንዳይሠራ ታዘዘ። በ1964ም የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ሁሉ ከደቡብ ተባረሩ።

በአገራችንም ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በ1944 የወጣው የሚሲዮን ደንብ አገሩን ክፍትና ዝግ ብሎ ከፍሎ፥ በዝጉ ክፍል ሚሲዮኖች የራሳቸውን እምነት ሳይሰብኩ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት እንዲያቆሙ ፈቅዶ ነበር። ዛሬ የምንኖርበት የ1995 ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቆሙ ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 90 ግን የአገሩ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዝዛል።

እንግዲህ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን እንደ እሳት ነው፤ ያበስላል፥ ያቃጥላልም። ሕሙማንን ከሐሰተኛ ሐኪም፥ ድኾችን ከማያውቅ ጠበቃ ይጠብቃል። ነገር ግን የሹሙን አሳብ የማይመስለውን ሁሉ ሊያንቅም ይችላል።

3. በካናዳ የሆነው

እኅታችን የጠየቀችው ነገር ይህ ነው። ትሪኒቲ ዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚባል የወንጌላውያን ትምህርት ቤት በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ አገር አለ። ተማሪዎቹ በሚፈርሙት የማኅበር ቃል ኪዳን፥ በወንድና በሴት መካከል ካለው ጋብቻ ውጭ ከሚደረግ ግንኙነት ለመራቅ ይስማሙ ነበር። በዚህ ሥርዓት በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የሚኖሩ ሰዎች፥ በአገሩ ሕግ ቢጋቡም እንኳ፥ ለትምህርታቸው ሲሉ ወይ ኑሯቸውን መደበቅ ወይ ከዚያ መራቅ ግድ ይሆንባቸው ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ጊዜ ወደ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የመጀመሪያው ስለ መምህራን ማሠልጠኛው ነበረ። የክፍለ አገሩ የመምህራን ኮሌጅ፥ ከዚያ የሚወጡት መምህራን ልጆችን በእኩልነት አያዩም ብሎ ፈርቶ ዕውቅና ከልክሎ ነበር። በ2001 ዳኞቹ ስምንት ለአንድ ሆነው ለትምህርት ቤቱ ፈረዱ። ማመን ሌላ፥ ማድረግ ሌላ ነው፤ ከዚያ የወጡት መምህራን ሰውን እንደ በደሉ የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበም አሉ።

ሁለተኛው ስለ ሕግ ትምህርት ቤት ነበረ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያና የኦንታሪዮ የጠበቆች ማኅበራት ዕውቅና ከለከሉ። በሰኔ 15 ቀን 2018 ዳኞቹ ሰባት ለሁለት ሆነው ለጠበቆቹ ማኅበራት ፈረዱ። ብዙዎቹ ዳኞች የተመለከቱት የተመራቂዎቹን ዕውቀት ሳይሆን በሩን ነበረ። ወደ ጥብቅና ሥራ የሚያስገባው በር ለሁሉ እኩል ሊከፈት ይገባል፤ በየዓመቱ የሚሰጡት 60 መቀመጫዎች ግን ለነዚያ ሰዎች የተዘጉ ያህል ናቸው፤ ቃል ኪዳኑን የፈረሙትም በክብራቸው ይጐዳሉ አሉ። የተለዩት ሁለቱ ዳኞች ግን የጠበቆች ማኅበር ሥራ የተመራቂውን ብቃት መመርመር እንጂ የትምህርት ቤቱን የመግቢያ ሥርዓት ማረም አይደለም፤ መንግሥትም በእምነት መካከል ሊያዳላ አይገባም አሉ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ትምህርት ቤቱ ቃል ኪዳኑን በተማሪዎች ላይ ግዴታ እንዳይሆን ወሰነ።

4. ሁለቱን ወገኖች በእኩል ሚዛን

ዘሌዋውያን 19፥15 በፍርድ ለድኻም ለባለጠጋም እንዳናዳላ ያስተምረናል። እንግዲህ የወገናችንን ነገር ብቻ በከባድ ድንጋይ አንመዝን።

በአንድ ወገን የቤተ ክርስቲያን ነጻነት እውነተኛ ነገር ነው። በ2013 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፥ ስለዚሁ ስለ ጋብቻ ነገር፥ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ካለችው የወንጌላዊት ሉተራዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት ስታቋርጥ፥ ማንም መንግሥት አላዘዛትም፤ ማንምም አልከለከላትም። ስለ ትምህርቷ ራስዋ ወሰነች። እኛም የምናምነውን ጋብቻ ያለ ኀፍረት እናስተምራለን። አንድ ማኅበር የሚያምነውን እንዲክድ ከተገደደ ነጻነቱ በስም ብቻ ይቀራል።

በሌላው ወገን ደግሞ ጠበቃና ነርስ፥ ሐኪምና መምህር የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ብቻ አይደሉም። የሚያገለግሉት ወደ እነርሱ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ነው። አባታችን ማርቲን ሉተር በ1523 ስለ ዓለማዊ ሥልጣን በጻፈው መጽሐፍ እግዚአብሔር በሁለት መንገድ እንደሚገዛ አስተምሯል፤ ልብን በወንጌል፥ የውጭውን ሰላምና ፍትሕ በሹማምንት። የነርስነት ፈቃድ ከሁለተኛው ወገን ነው። ቅዱስ ቍርባን አይደለም፤ ስለዚህ የእምነታችን ምስክር ላልሆኑት በቍርባን ሥርዓት ልንለካው አይገባንም።

ከዚህ የተነሣ አራት ነገር እንላለን። አንደኛ፥ ዕውቅና የሚሰጠው ሹም እንደ ዳንኤል አለቃ በጥርጣሬ ሳይሆን በፍሬ ይፍረድ፤ ተመራቂው ሥራውን ያውቃልን? ሰውንስ ሳያዳላ ያገለግላልን? ብሎ ይመርምር። ሁለተኛ፥ ትምህርት ቤቱ ሥርዓቱን በግልጥ ያስታውቅ፤ ቃል ኪዳኑ በፈቃዳቸው ለሚገቡበት ይሁን እንጂ ለማያምን ሰው ወጥመድ አይሁን። በግድ የተፈረመ ቃል ኪዳን ግብዝን እንጂ ደቀ መዝሙርን አያወጣም። ሦስተኛ፥ በሩ ስንት እንደ ሆነ ይታይ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ባሉበት ከተማ አንዱ የራሱ ሥርዓት ቢኖረው፥ ሌላው በር ክፍት ነው። በአንድ አውራጃ አንድ የነርሶች ትምህርት ቤት ብቻ ቢኖር ግን፥ እርሱም የቤተ ክርስቲያን ቢሆን፥ ያን በር መዝጋት የሰውን እንጀራ መዝጋት ነው። አራተኛ፥ በነጻነቱ የተጠበቀ ተመራቂ ማንንም ሰው ከደጁ አይመልስ።

በዚህ ሚዛን ስንመዝን የካናዳው ትምህርት ቤት እምነቱን መመስከሩ አልተሳሳተም እንላለን፤ ያላመኑትን ማስፈረሙ ግን ሳይጐዳው አልቀረም። የጠበቆቹ ማኅበራትም ስለ እኩልነት መጠንቀቃቸው መልካም ነበረ፤ የተመራቂዎቹን ፍሬ ሳያዩ በሩን መዝጋታቸው ግን ነገ በሌላ አገር በእኛ ላይ ሊሠራ የሚችል ልማድ ነው።

5. በአንድ አዋጅ ከሞት የወጡ

አንባቢ ሆይ፥ «ይህ የካናዳ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትል ይሆናል። በአገራችን የ2004 የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ይህን ግንኙነት በእስራት ስለሚቀጣ፥ እንዲህ ያለው ክርክር በደጃችን አልቆመም። ነገር ግን አንድ ነገር ከካርቱም እንንገርህ።

በሱዳን በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 126 ከእስልምና የወጣን ሰው በሞት ይቀጣ ነበር። በ2014 በግንቦት ወር፥ ኢትዮጵያዊት እናትዋ በክርስትና ያሳደገቻት አንዲት እርጉዝ ሴት በዚህ አንቀጽ በካርቱም ሞት ተፈረደባት። በእስር ቤት ሳለች ልጅ ወለደች፤ በሰኔ ወርም በይግባኝ ተፈታች። በየቤቱ ስለ እርስዋ ጸልየናል፤ አልቅሰናልም። የዚያው ሕግ አንቀጽ 148 ደግሞ በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ሦስተኛ ጊዜ የተፈረደበትን ሰው እስከ ሞት ይቀጣ ነበር።

በ2020 በሐምሌ ወር የሽግግሩ መንግሥት አንድ የማሻሻያ አዋጅ አወጣ። በዚያው አዋጅ ከሃይማኖት በመውጣት የሚፈረደው ሞት ቀረ፤ በአንቀጽ 148 የነበረው ግርፋትና ሞትም ቀረ፤ እስራቱ ግን አልቀረም። እኛን ከገመድ ያወጣው እጅ እነዚያንም ከገመድ አወጣቸው። በማኅበራችን ስለ ፊተኛው ምስጋና ሆነ፤ ስለ ኋለኛው ግን ዝም አልን፤ ያጕረመረመም ነበረ። በዚያ ዝምታ እኛም ነበርን፤ ይህንም በእግዚአብሔር ፊት እንናዘዛለን።

ጌታችን በማቴዎስ 7፥12 ሰዎች ሊያደርጉልን የምንወደውን ለእነርሱ እንድናደርግ አዘዘን። ትእዛዙ የሚስማማንን ሰው ብቻ ብሎ አልለየም። ስለ ኀጢአት የምናምነውን ማመን ይቻለናል፤ ጐረቤታችን እንዲገደል ወይም ከትምህርትና ከእንጀራ እንዲባረር መውደድ ግን አልተሰጠንም።

እንግዲህ ለእኅታችን የምንመልሰው ይህ ነው፦ ጥያቄሽ በሁለቱም በኩል እውነት ነበረ። በካርቱም የለመንነው ፍትሕ የእኛ ብቻ ሆኖ ከቀረ ፍትሕ አይደለም፤ አድልዎ ነው። ዳንኤል በባቢሎን ሁለቱንም አልጣለም፤ ኅሊናውን ጠበቀ፥ የሌላውንም ገበታ አልገለበጠም። በነርስነት ልብስሽ ወደ ሕሙም አልጋ በቀረብሽ ጊዜ አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ዳንኤል ከትምህርት ቤቱ የተቀበለውና ያልተቀበለው ምን ነበረ? ለምን ለየ?

2. ቤተ ክርስቲያናችን ለምታቆመው የነርሶች ወይም የመምህራን ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ሥርዓት ይገባል? ለማያምኑት ተማሪዎችስ?

3. እኛ ጥቂቶች በሆንበት አገር የምንለምነው ነጻነት፥ ብዙ በሆንበት አገር ለሌሎች የምንሰጠው ነውን?

ጸሎት

ጻድቅ ፈራጅና መሐሪ አባት ሆይ፥ የምናምነውን ያለ ፍርሃት እንድንመሰክር፥ ጐረቤታችንንም ያለ ጥላቻ እንድንወድ ልብ ስጠን። ከካርቱም የተበተኑትን ልጆችህን ጠብቅ። በትምህርት ቤት ላሉት ጥበብን፥ በፍርድ ወንበር ላሉት ቅንነትን አድል። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።