ሰማይ አይቶ መዝራት፦ ባህላዊ የአየር ጠባይ ምልክቶች በሳይንስ ሚዛን

ሰኔ ሲገባ ጥቂት ቀን ዘንቦ መሬቱ ርሷል። ገበሬው ማሳውን አለስልሶ፣ ዘሩን አዘጋጅቶ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ይዝራ ወይስ ይቆይ? ቸኩሎ ቢዘራና ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ቢቋረጥ ቡቃያው ይደርቃል፤ ዘሩም ይባክናል። ቢዘገይ ደግሞ ሰብሉ ሳያፈራ ክረምቱ ያልቅበታል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ አያቶቻችን ደመናን፣ ነፋስን፣ ከዋክብትንና ነፍሳትን ሲመለከቱ ኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ ከምልክቶቹ ጥቂቶቹን መርጠን የትኞቹ ምን ያህል እንደሚያስተማምኑና ምክንያታቸው ምን እንደሆነ እንመረምራለን።

መንስኤውን የሚያሳይ ምልክት

በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ከዋክብት ሲደምቁ የደጋ ገበሬ ለነገው ውርጭ ይሰጋል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ኢንፍራሬድ በሚባለው የማይታይ ጨረር አማካይነት ወደ ጠፈር ታወጣለች። ደመናና በአየር ውስጥ ያለ የውሃ ተን ከዚህ ጨረር ከፊሉን ውጠው ወደ መሬት ይመልሱታል። በበጋ ግን ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው አየር ደረቅ በመሆኑ ይህ «ብርድ ልብስ» ይሳሳል። ነፋስ በሌለበት ደግሞ የቀዘቀዘው አየር ከላይ ካለው ሞቃት አየር ጋር ሳይደባለቅ በረባዳ ቦታ ይተኛል። እንግዲህ ገበሬው የሚያየው የሰማይ ጥራትና የነፋስ ጸጥታ የውርጩ መንስኤዎች ናቸው።

ውጤቱን የሚያሳይ ምልክት

«እንደ አሸን ፈላ» የምንለው አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። በብዛት ሲወጣ ዝናቡ ገባ ይባላል። ይሁን እንጂ ምስጦች ለመራባት የሚበሩት በአብዛኛው አፈሩ ከራሰና አየሩ እርጥበት ከያዘ በኋላ ነው፤ ጥንዶቹ አዲስ መኖሪያ መቆፈር የሚቀልላቸው በራሰ መሬት ነውና። ስለዚህ አሸን የሚመሰክረው ስለዘነበው ዝናብ ነው፤ ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ይቋረጥ እንደሆነ አይነግረንም። የገበሬው ጥያቄ ግን ይኸው ነበር።

ከቦታው የተነቀለ ምልክት

ማምሻውን ምዕራቡ ሰማይ ቢቀላ በማግስቱ ብራ ይሆናል የሚለው አባባል በአውሮፓ የታወቀ ነው። በዚያ ዝናብ አምጪ የአየር ሥርዓቶች በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚጓዙ በምዕራብ የጠራ ሰማይ መልካም ዜና ነው። በእኛ ክረምት ግን የላይኛው ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ስለሆነም ያንን ደንብ ሳይመረምሩ መቀበል ያሳስታል። የምልክት ዕውቀት ከተወለደበት ምድር ጋር የተቆራኘ ነው።

ምልክትን እንዴት እንፈትን?

በአንድ አካባቢ ከሐምሌ 30 ቀናት ውስጥ በ24ቱ ይዘንባል እንበል። ሰማዩን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ በየማታው «ነገ ይዘንባል» የሚል ሰው ከመቶ 80 ጊዜ ይሳካለታል። ስለዚህ በሐምሌ «ዝናብ ያመለክታል» የሚባል ነገር ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ከዚህ ሲበልጥ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን የሚጠበቀው የሩፋኤል ዝናብም በዚህ መንገድ ይታያል፤ ክረምቱ ገና ያልወጣበት ወቅት በመሆኑ ዝናብ መጠበቁ የብዙ ዓመታት ልምድ ውጤት ነው።

አንድን ምልክት ለመፈተን አራት ነገሮችን መቁጠር ያሻል፦ ታይቶ የዘነበበትን፣ ታይቶ ያልዘነበበትን፣ ሳይታይ የዘነበበትንና ሳይታይም ሳይዘንብም የቀረበትን ቀን። ሰው በተፈጥሮው የመጀመሪያውን ያስታውሳል፤ ሌሎቹን ይዘነጋል።

ከአድማስ ማዶ

«ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል» የሚለው ተረት ወቅትን በጥቂት ቀናት መፍረድ እንደማይገባ ያስተምራል። የአንድ ክረምት ጠባይ በከፊል የሚወሰነው ከመንደራችን በማይታዩ ነገሮች ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ የወገብ ምድር አካባቢ የባሕሩ ገጽ ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኖ ይባላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያን ክረምት ያዳክማል። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015) ክረምት ብርቱ ኤልኒኖ ካስከተለው ድርቅ የተነሳ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ለውጥ ከሩቅ ለማየት ሳተላይትና የውቅያኖስ መለኪያዎች ያስፈልጋሉ። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የሚያወጡት ትንበያም ዝናቡ ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛው በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ የሚገልጽ ነው። ገበሬው ስለ ወቅቱ ከትንበያው፣ ስለ ነገው ውርጭ ደግሞ ከራሱ ሰማይ መረጃ ቢያገኝ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ውድ ተማሪዎች፣ በመጪው ክረምት ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ በሚገኝ ሜዳ ላይ አኑሩ፤ በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት የውሃውን ከፍታ በማስመሪያ ለክታችሁ ድፉት። ከአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች የሰማችሁትን አንድ ምልክት ምረጡና በደብተራችሁ አራት ዓምድ አስምራችሁ መዝግቡ። ሽማግሌዎቹ ያስተዋሉትን ሳትጽፉ ብትቀሩ ግን የሚፈተነው ዕውቀት ራሱ አብሯቸው ያልፋል።